የተበጠሰውን ክር ጫፍ አይታችሁ ግዙ

ልጆቻችንን ለመጠየቅ አሜሪካ የምንሄድ አያቶች ሥራችን የታወቀ ነው። በርበሬና ሽሮ ተሸክመን እንሄዳለን፣ ሕፃን እናዝላለን፣ ወጥ ሠርተን ማቀዝቀዣ እንሞላለን። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ግን እንዘለው ቢሉት አይታዘልም። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ዓይኑም ከስልኩ አይነቀልም። የእኔን የልጅ ልጅ ከስልኩ ያላቀቀልኝ ዓሣ ነው። የሚኖሩት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ብዙም ሳይርቁ ነው። አባቱ ሁለት ቦታ ይሠራል፣ እናቱ የሌሊት ፈረቃ ናት፤ ስለዚህ የትምህርት ቤት ዕረፍቱን ሙሉ ከልጁ ጋር ውኃ ዳር የምውለው እኔ ነበርኩ። ከበርክ ሐይቅ ዳር ወንበሬን ዘርግቼ ጥጥ እየፈተልኩ ብዙ ነገር አየሁ።

ልጁ የሚያሳድደው ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው። ባስ እንደ እኛ ቆሮሶ ሣር ቅጠሉን የሚለቃቅም አይደለም፤ አዳኝ ነው። ከእንጨት ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ አድፍጦ ትንንሽ ዓሣና እንቁራሪት ሲያልፍ ይውጣል። አሜሪካኖች እንዴት እንደሚወዱት ለመናገር አንድ ነገር ይበቃል፦ በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው ያወጣውን 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ባስ እስከ ዛሬ ያወራሉ። በ2009 አንድ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ እኩያውን ቢያወጣም የፔሪ ስም አልተረሳም።

የእኛ ልጅ ግን በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ትልልቅ ዓሣ ክር በጥሶበት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ዘንጉን መኪናው ውስጥ ወርውሮ ዝም አለ። ማታ ለአባቱ ያቀረበው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ክር ግዛልኝ አለው። ተራው የናይለን ክር አንድ ጥቅል ከ10 ዶላር በታች ይገኛል፤ ጥሩው ፍሎሮካርቦን ግን 20 እና 30 ዶላር ይላል። ለሁለት ሥራ ሠራተኛ 30 ዶላር ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚገኝ ልጁ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። አባቱ «እሺ» ሊል ሲል እኔ የተበጠሰውን ክር አምጣ አልኩት።

ነርስ ሆኜ ከ30 ዓመት በላይ ክር ይዤ ኖሬያለሁ። በእኛ ጊዜ ቁስል የሚሰፋው በሐር፣ በካትጋት ወይም በናይለን ነበር። የቀዶ ሕክምናው ናይለንና የዓሣ ማጥመጃው ናይለን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ፍሎሮካርቦኑም ቢሆን ለእኔ ባዳ አይደለም፤ ከዚያው ነገር የተሠራ የደም ሥር መስፊያ ክር አለ። እነዚህ ሁሉ ለስላሳና ነጠላ ክሮች አንድ ጠባይ አላቸው። ተጠቅልለው የኖሩበትን ቅርጽ አይረሱም፣ ቋጠሮም ይፈቱብሃል። ለዚህ ነው በናይለን ስንሰፋ ከሐሩ ይልቅ ቋጠሮ እንድንደጋግም የምንታዘዘው።

ልጁ ያመጣልኝ ክር ጫፉ እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሎ ነበር። ይህ ምልክት ነው። ጫፉ የተጠቀለለ ከሆነ ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተንሸራቶ ነው የተፈታው። ጫፉ የሻከረ፣ ከበላዩም ወደ ላይ አንድ ስንዝር ያህል የተፋቀ ከሆነ ድንጋይ ወይም እንጨት በልቶታል ማለት ነው። ልጄ 30 ዶላር አውጥቶ ምርጡን ክር ቢገዛለት ኖሮ በዚያው ቋጠሮ አራተኛውን ዓሣ ይሸኘው ነበር፤ እንዲያውም ይብስ ነበር፤ ፍሎሮካርቦን ከናይለን የበለጠ ግትር ስለሆነ ቋጠሮ አይወድም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቋጠሮውን አስተካከልን። ለልጅ እጅ የሚቀለው ፓሎማር የሚሉት ነው። ክሩን ታጥፉና እጥፉን በመንጠቆው ቀለበት ታሳልፉታላችሁ። በእጥፉ አንድ ተራ ቋጠሮ ላላ አድርጋችሁ ትቋጥራላችሁ። ከዚያ በሚተርፈው እጥፍ ውስጥ መንጠቆውን ራሱን አሳልፋችሁ ቀስ እያላችሁ ታጠብቃላችሁ። ዋናው ምሥጢር ከማጥበቃችሁ በፊት ማርጠብ ነው። ደረቅ ክር በክር ላይ ሲሳብ ይግላል፤ ሙቀቱ ደግሞ ክሩን እዚያው ቋጠሮው ላይ ያደክመዋል። ፍሎሮካርቦን በዚህ በኩል በጣም ስስ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በምራቃቸው ነው የሚያርሱት። እኔ ነርስ ነኝና የወንዝ ጭቃ የነካ እጅና ክር አፍ ውስጥ ሲገባ ማየት አልችልም፤ ከመጠጥ ውኃው ጠብ አድርግበት እለዋለሁ። ትርፉን ጫፍም በጥርስ አይቆረጥም፤ የጥፍር መቁረጫ ኪሱ ውስጥ ይኑር።

ታዲያ ፍሎሮካርቦን ጥቅም የለውም ወይ? አለው፤ ግን እንደ ቦታው ነው።

ብርጭቆ ውኃ ውስጥ የቆመ ማንኪያ የተሰበረ የሚመስለው ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ስለሚታጠፍ ነው። የመታጠፉ መለኪያ ለውኃ 1.33 ነው፣ ለፍሎሮካርቦን 1.42፣ ለናይለን ደግሞ ከ1.5 በላይ። ወደ ውኃው የቀረበው ክር ውኃው ውስጥ ይጠፋል። ጃፓኖች በ1971 ይህን ክር ለዓሣ ማጥመጃ ሲያወጡት የታሰበው ይኸው ነበር። ጨርሶ አይታይም የሚለው የማስታወቂያ ወሬ ነው፤ ከናይለን ያነሰ ይታያል ማለት ግን እውነት ነው። ሌላው ክብደቱ ነው። ከውኃ ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ይከብዳልና ይሰምጣል፤ ናይለን ግን ከውኃ ብዙም አይከብድም። ፍሎሮካርቦን ውኃም አይጠጣም፣ ፀሐይም ቶሎ አያበላሸውም፣ ድንጋይ ሲፈትገውም ይታገሣል፤ ዓሣው ማባበያውን ነካ ሲያደርግም እጅ ላይ ቶሎ ይሰማል።

እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ወደ ውኃው ኑ። የፖቶማክ ወንዝ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከዋሽንግተን በላይ ያለው ወንዝ ድንጋያማ ነው፤ ዝናብ ካልዘነበ ውኃው ይጠራል። እዚያ ያለው አፈ ትንሹ ባስ ነው። (ዘሩ የዚያ ወንዝ አይደለም፤ በ1854 ነው በባቡር የውኃ ጋን ተጭኖ የመጣው። ስደተኛ ሆኖ የአገሬው ጌታ የሆነ ዓሣ!) እዚህ ፍሎሮካርቦን ዋጋውን ይከፍላል፤ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ የሚለው ይበቃል። ከዋሽንግተን በታች ግን ወንዙ ከባሕር ማዕበል ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ ውኃው ደፍርሶ ሣር የሞላበት ነው። እዚያ የሚኖረው አፈ ሰፊው ባስ ክሩን አይቶ የሚሸሽበት ብርሃን የለውም፤ ሣሩን የሚቆርጥ የተጎነጎነ ክር፣ ብሬድ የሚሉት፣ ይሻላል። ማባበያው ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፍሎሮካርቦን ጭራሽ አይሆንም፤ ክሩ ሲሰምጥ የማባበያውን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትተዋል።

ጥቅሉ ላይ የተጻፈው ፓውንድ ክሩ የሚሸከመው ነው፤ 10 ፓውንድ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። ወፍራሙ ጠንካራ ነው ብሎ 15 እና 20 መግዛት ለልጅ ሸክም ነው። በልጆች ሪል ላይ ወፍራም ፍሎሮካርቦን እንደ ሽቦ ስፕሪንግ እየዘለለ ይወጣና ልጁ ቀኑን ሙሉ ውል ሲፈታ ይውላል። ሪሉም እስከ አፉ አይሞላ፤ ከከንፈሩ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይቅር። ጥቅሉን ስታነሡ ጽሑፉን አንብቡ። አንዳንዱ ናይለን ሆኖ ላዩን ብቻ ፍሎሮካርቦን የተቀባ ነው፤ ትልልቁ ጽሑፍ ግን ስለ ቅቡ ነው የሚያወራው። ሙሉ በሙሉ ፍሎሮካርቦን የሆነው 100 በመቶ ይላል።

እኛ ቤት ውስጥ የተስማማንበት እንዲህ ነው። ሪሉን በርካሹ ናይለን ሞላነው፤ ከጫፉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ፍሎሮካርቦን ቀጠልንበት። ዓሣው አጠገብ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ድንጋዩንም የሚነካው ይኸው ነው። ለዚህ ተብሎ በትንንሹ የሚሸጥ ጥቅል አለ፤ ልጁ አንዱን ጥቅል ከዕረፍቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሰው። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻውን አንድ ሜትር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሳልፈዋል፤ ከሻከረ ቆርጦ እንደገና ይቋጥራል። «እማማ፣ ንኪው፣ እዚህ ጋ ቆስሏል» ይለኛል። ቆስሏል የሚለውን ቃል ከእኔ ነው የወሰደው፤ ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ስሠራ ከልጆች እጅ ያወጣሁት መንጠቆ ቁጥር የለውም። መንጠቆው ውኃ ውስጥ አንድ ነገር ሲይዝ ክሩን መዳፍ ላይ ጠቅልሎ መጎተት አይገባም። ቀጭኑ ክር ሥጋ ይቆርጣል፣ ጣትም ላይ ከጠበቀ ደም ያግዳል። እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ ሳቡ፤ ክሩ ሲለቅ መንጠቆው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተመልሶ ይመጣልና። ኮፍያና መነጽር ለጌጥ አይደለም። መንጠቆው ላይ ያለውን ወደ ኋላ የሚመለስ ጥርስ በፒንሳ ደፍጥጡት፤ አንዳንድ ዓሣ ያመልጣል፣ ግን ከልጅ ቆዳም በቀላሉ ይወጣል።

ጥርስ ያለው መንጠቆ ጣት ውስጥ ከገባስ? ያንኑ የዓሣ ክር የመንጠቆው ጉብጠት ላይ አስገብቶ፣ የመንጠቆውን ዘንግ ወደ ቆዳው ተጭኖ፣ ክሩን ባንድ ጊዜ መንጨቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ይህን ግን ያየና የሠራ ሰው ያድርገው፤ ዓይን አካባቢ፣ ፊት፣ አንገትና መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ማንም እንዳይነካው፤ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱ። በወጣ ጊዜም በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ መቼ እንደተሰጠ እናቱን ጠይቁ።

ፈቃድም አለ። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ «እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክር» ብላችሁ ዘንጉን የምትይዙ አያቶች ግን ያስፈልጋችኋል። የአንድ ሰሞን ፈቃድ ይሸጣል፤ ግዙ።

የተቆረጠውን ክር ሣር ላይ አትጣሉ። ዳክዬና ሽመላ እግራቸው ይጠላለፍበታል፤ ፍሎሮካርቦን ደግሞ ፀሐይ የማይበግረው ስለሆነ እዚያው ይከርማል። በብዙ የጀልባ ማውረጃዎች አጠገብ ቱቦ መሰል ማጠራቀሚያ ተተክሏል፤ እዚያ ካጣችሁ ኪሳችሁ ይሁን፣ ቤት ስትደርሱ በመቀስ ከትፋችሁ ጣሉት።

ዓሣውን መብላትን በተመለከተ እናቱ አንድ ቀን ጥብስ አምሮኛል ብላ ነበር። ባስ ሌሎች ዓሦችን የሚበላ ስለሆነ ሜርኩሪ ያጠራቅማል፤ በፖቶማክ ደግሞ ፒሲቢ የሚባለው አሮጌ የፋብሪካ ኬሚካል ስላለ የግዛቶቹ ጤና ቢሮዎች የትኛውን ዓሣ በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚቻል ዝርዝር ያወጣሉ። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። ስለዚህ ልጁ ያወጣውን በእርጥብ እጁ ይዞ፣ እኔ በስልኩ ፎቶ አንስቼው፣ መልሶ ይለቀዋል። ለጥብሱ ከሱቅ ቆሮሶ ገዛን።