ሞላና ክር፦ ስለ ትሬሞሎ ጊታር የሚባለውና የሚሆነው

ጣርማ በርን በጃኬት ያለፈ ሙዚቀኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቅበታል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የይፋት ቆላ ይወርዳል። በጥር፣ ሰርግ ዳስ ውስጥ፣ ጊታሩን ከሳጥኑ አውጥቶ ሲነካው ክሮቹ ሁሉ ወርደዋል። ያኔ ከኪቦርዱ ወገን የሚመጣው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ትሬሞሎ ነዋ! ቆላ አይችልም።» ትሬሞሎ የሚሉት ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት፣ ማለትም ብሪጁ፣ ባር በሚባል ዘንግ ሲጫን የሚነቃነቅበትን ስልት ነው።

ይህን ፍርድ እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። ግን ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ የረዘመ ክር ይላላል፤ የላላ ክር ድምፁ ይወርዳል። ብሪጁ የማይነቃነቅ ጊታርም ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም ብሪጁ ተንሳፎ የተቀመጠ ከሆነ፣ ክሮቹ ሲላሉ ከጀርባ ያሉት ሞላዎች ወደኋላ ይስቡትና ከላላው ከፊሉን መልሰው ያጠብቁታል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚታማው ትሬሞሎ ከተቸነከረው ብሪጅ የተሻለ ሊቋቋም ይችላል። ችግሩ ያለው ከመኪና እንደወረዱ መቃኘት ላይ ነው፤ ቀጭኑ ብረት ወዲያው ይሞቃል፣ እንጨቱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሳጥኑን ጥላ ስር ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣት ከሁለት ጊዜ ቅኝት ያድናል።

«አንዱን ስቃኝ ሌላው ይበላሻል፤ ጊታሩ ዕቃ አይደለም» የሚለው እሮሮም የሚመነጨው የብሪጁን ሥራ ካለማየት ነው። ትሬሞሎ ብሪጅ ሚዛን ነው። በአንድ በኩል ስድስት ክሮች አሉ፤ ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች የሆነበት የተለመደው ስብስብ ሲቃኝ በድምሩ ወደ 45 ኪሎ ይስባል። በሌላው በኩል፣ በጊታሩ ጀርባ ከፕላስቲክ ክዳኑ ስር፣ ከሦስት እስከ አምስት ሞላዎች ይስባሉ። ክራር የቃኘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አንዱ ክር ሲጠብቅ ቀንበሩ በትንሹ ይጎብጥና ጎረቤቱ ይላላል። ክራር ቃኚ በዚህ አይማረርም፣ ዞሮ ይመለስበታል። ጊታሩም ላይ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሦስት አራት ዙር መመላለስ ነው፤ በየዙሩ ስህተቱ እያነሰ ይሄዳል። በሁለት ዘፈን መካከል ወፍራሙን ክር ከሚ ወደ ሬ ማውረድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የተንሳፈፈ ብሪጅ ላይ አምስቱ ሌሎች ሽቅብ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አታዬ ላይ፣ ዘፋኙ ማይኩን ከያዘ በኋላ፣ ሞክሬዋለሁ። አይደገምም።

ሞላ መጨመር ቅኝት ያጸናል የሚባለውስ? አያጸናም፤ ባሩን ያደነድናል እንጂ። የክሮቹ ጉልበት ያው እስከሆነ ድረስ ሦስት ሞላ በደንብ ተወጥሮ ወይም አምስት ሞላ ላላ ብሎ የሚያስተካክለው ያንኑ ጉልበት ነው። ሞላዎቹን የያዘችው ብረት ላይ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች አሉ፤ ሚዛኑ የሚበጀው እዚያ ነው፣ በካቻቪቴ። ከ0.009 ወደ 0.010 ክር የተሻገረ ሰው ብሎኖቹን ጠበቅ ካላደረገ ብሪጁ ወደፊት ያዘነብላል፣ ክሮቹም ከአንገቱ ይርቃሉ። ተንሳፎ እንዲቆም ከተፈለገ የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ከእንጨቱ 3.2 ሚሊሜትር ከፍ ማለቱ የጊታር ሠሪው የፌንደር ኩባንያ የራሱ ልክ ነው።

ብዙ ብር የሚፈስበት ግን የክር መወጠሪያ ቁልፎቹን የሚመለከተው እምነት ነው። ባሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ክሮቹ ወደ ቦታቸው ካልተመለሱ «ቁልፉ ይንሸራተታል» ተብሎ አዲስ ቁልፍ ከአዲስ አበባ፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ይታዘዛል። ቁልፍ የሚንሸራተተው አልፎ አልፎ ነው። ክሩ የሚነክሰው አንገቱ ጫፍ ላይ ባለው፣ ተጫዋቾች ነት በሚሉት፣ ባለስድስት ቦይ አጥንት ወይም ፕላስቲክ ላይ ነው። ሲቃኙ ጢቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ምስክሩ እሱ ነው። መድኃኒቱ የተማሪ እርሳስ ነው፤ የእርሳሱን ጥቁር ቦዮቹ ውስጥ ማሸት ክሩን ያንሸራትታል። አዲስ ክር በእጅ ሳብ ሳብ ካልተደረገ፣ ቁልፉ ላይም አምስት ስድስት ዙር ከተጠቀለለ፣ ያው ስህተት ይመጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ በአንድ ሌሊት የሚፈሰው ላብ ደግሞ ክር ያዝጋል፤ የዛገ ክር ቦዩንም ይሞርዳል። ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ስሙ ራሱ ስህተት መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ትሬሞሎ የድምፅ ጉልበት ከፍ ዝቅ ማለት ነው፤ ባሩ ግን የሚያወዛውዘው ቅጥነትና ውፍረቱን ነው፣ እሱም ቪብራቶ ይባላል። ሊዮ ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ስትራቶካስተር ጊታሩን ሲያወጣ ባሩን ትሬሞሎ አለውና ስሙ ጸና። የማጉያዎቹን ትሬሞሎ ደግሞ ቪብራቶ ብሎ ጠራው። ሁለቱንም ገለበጣቸው!

ባሩ የትዝታን እንጉርጉሮ ይሰጣል የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ፈራጁ ማሲንቆ ነው፤ ያለው አንድ ክር፣ የሚንቀጠቀጠውም ጣት። ባሩ ስድስቱንም ክሮች ባንዴ ያወዛውዛል፣ ጣት ግን የፈለገውን አንድ ድምፅ ብቻ። የሰላም ስዩምን ጊታር ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ዘመን ጀምሮ ያደመጠ ሰው ጆሮው ላይ የሚቀረው ጣቱ ነው፤ ቢያንስ የእኔ ጆሮ ላይ።

ግዢ ላይ ከቀለምና ከስም በፊት አንድ ፈተና አለ። ጊታሩን ቃኝቶ፣ ባሩን በቀስታ እስከ ታች ተጭኖ መልቀቅ፣ ከዚያ መቃኛውን ማየት። ተመልሶ ከገጠመ ጥሩ ነው፤ ካልገጠመም ነቱ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል። ብሪጁን የያዙት ብሎኖች የሚነኩበት ጠርዝ ተበልቶ ከሆነ ግን እርሳስ አይረዳም፤ ይተው።

ሰርግ ለሚሠራ ሰው የእኔ ምክር ብሪጁን ማንሳፈፍ አይደለም። የሞላዎቹን ሁለት ብሎኖች አጥብቆ ብሪጁን እንጨቱ ላይ ማስተኛት ይሻላል፤ ባሩ ወደ ታች ብቻ ይሠራል። ኤሪክ ክላፕተን የስትራቶካስተሮቹን ብሪጅ በእንጨት ቁራጭ አስደግፎ ጨርሶ እንዳይነቃነቅ ያደርገዋል፤ ያም ያስኬዳል። የተንሳፈፈ ብሪጅ ላይ ክር ሲበጠስ የቀሩት አምስቱ ባንዴ ይወጣሉና ጊታሩ ለዚያ ዘፈን ሞተ ማለት ነው። እንጨት ላይ የተኛው ግን ሙሽሮቹ ዙራቸውን እስኪጨርሱ በአምስት ክር ይዘልቃል፤ ስድስተኛው የሚታሰረው ከበሮው ዕረፍት ሲወስድ ነው።