ለእኛ ሰው ፍትሕ፣ ለእነሱ ሰው ሕግ ማስከበር

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ወዲያው ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሻሸመኔን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች ሰው ተገደለ፣ ንብረት ወደመ። በዚያው ሳምንት ደጋፊዎቻቸው ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ሁለት ፖለቲከኞች ታሰሩ፦ አቶ ጃዋር መሐመድና አቶ እስክንድር ነጋ። ሁለቱም በሽብር ወንጀል ተከሰሱ። ሁለቱም ዓመት ከመንፈቅ ታስረው በ2014 ዓ.ም. በገና በዓል ዕለት ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ።

በእነዚያ ወራት ከጃዋር ደጋፊዎች ብዙዎቹ የእሳቸውን እስር የፖለቲካ በቀል ሲሉ፣ ለእስክንድር ግን «ሕግ ሥራውን ይሥራ» አሉ። ከእስክንድር ደጋፊዎችም ብዙዎቹ ያንኑ ገልብጠው መለሱ። በ2013 ዓ.ም. አቶ ጃዋርና ባልደረቦቻቸው የረሃብ አድማ ሲመቱ፣ ትናንት ስለ እስረኛ መብት ሲጮሁ ከነበሩት መካከል ያላገጡ ነበሩ።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳዝነው ታሪኩ ሲታይ ነው። አቶ እስክንድር በ2004 ዓ.ም. በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 የ18 ዓመት እስራት ሲፈረድባቸው፣ ተቃዋሚው ሁሉ አዋጁ ማንንም አሸባሪ ሊያሰኝ የሚችል ልል ሕግ ነው ብሎ ነበር። እውነት ነበር። የሽብር ክስ በማይወዱት ሰው ላይ ሲመዘዝ ግን ያ ሁሉ ሥጋት ተረሳ። በገናው ዕለት ከሕወሓት መሥራቾች አንዱ አቶ ስብሐት ነጋም ሲፈቱ፣ ክስ ማቋረጥ ለአንዱ ፍትሕ፣ ለሌላው ክህደት ተባለ።

በአንድ ሚዛን መመዘን ሁሉንም እኩል ጥፋተኛ ማድረግ አይደለም። አቶ ጃዋር በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ጠባቂዎቼ ሊነሱ ነው ብለው ባሰራጩትና ግጭት በተከተለው መልእክት፣ አቶ እስክንድርም በኋላ ወደ ትጥቅ ትግል በመግባታቸው አጥብቀው ሊተቹ ይገባል። ትችቱ ግን በሠሩት ሥራ ላይ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ሲደነግግ «የምንወደው ሰው ከሆነ» አላለም።

የዚህ አድልዎ ትልቁ ተጠቃሚ መንግሥት ነው። ሲያስር ግማሹ ሕዝብ ያጨበጭብለታል፤ ሲፈታም ለምን አሰርክ፣ ለምንስ ፈታህ ብሎ በአንድ ድምፅ የሚጠይቀው የለም። በሁለቱ ክሶች ላይ የመጨረሻ ፍርድ ሳይሰጥ ፋይሉ ተዘጋ። ተከሳሾቹ ነጻ ናችሁ አልተባሉም፤ በሰኔ 2012ቱ ሁከት ልጁን የቀበረ ወላጅም ከችሎቱ እውነቱን አልሰማም።

ስለዚህ ከጋዜጠኞችና ከፖለቲከኞች የምንጠብቀው ግልጽ ነው፦ የሚቃወሙት ሰው ሲያዝ 48 ሰዓቱን ይቁጠሩለት፤ የሚደግፉት ሰው ሲያጠፋ ደግሞ በስሙ ጠርተው ይውቀሱት።