ላብ፣ ዘር እና የቋራ መሬት

በቋራዋ ገለጉ የሀብትና የድህነት ወሬ ሲነሳ ከሁለት ነገር አንዱ መጠቀሱ አይቀርም። ወይ «ቆላ የሠራ ሰው ይከብራል» ይባላል፣ ወይ ደግሞ የቋራው ካሳ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ ይነሳል። የኮሶ ሻጭ ልጅ ሆኖ መሳፍንቱን ሁሉ ጥሎ ነገሠ፤ እንግዲህ ቆራጥ ሰው ምን ያግደዋል? ሁለቱም አባባሎች ለጆሮ ይጥማሉ። መሬቱን ግን ዘለው ያልፉታል።

ከካሳ እንጀምር። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የጠላቶቹ ስድብ ነው። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ተቸግረው ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጡ ይባላል፤ ይሁን። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ግን የቋራ ባላባት ነበሩ። ደምቢያንና ቋራን የገዙት ደጃዝማች ክንፉም የሥጋ ዘመዱ ናቸው፤ ጦርነትንም የተማረው ከእሳቸው ዘንድ ነው። ክንፉ ሲሞቱ ግዛቱ ወደ ራስ አሊ እናት ወደ እቴጌ መነን ዞረ፤ ካሳም የአባቴን አገር ተነጠቅሁ ብሎ ቆላ ወርዶ ሸፈተ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከጫነ በኋላ ደግሞ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ አራሹም ይረስ፣ ነጋዴውም ይነግድ ብሎ አዋጅ አስነገረ። አገሩን ያስጨነቀውን ዘራፊ ለማስታገስ ነበር። ቢሆንም ስሙን ለ«ማንም የትም ይደርሳል» ምስክር አድርገው ለሚጠሩት ሰዎች ይህን አዋጅ ማስታወስ አይከፋም።

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሰው አመለካከት ግን ሌላ ነው፤ «ቆላው ባዶ ነበር፣ እኛ አቀናነው» የሚለው። ቋራና መተማ ከጥንት ጀምሮ የጉሙዞች አገር ነው። ጉሙዝ አንዱን መሬት ጥቂት ዓመት ያለማና ያሳርፈዋል፤ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ዓመታት አልፈው ደግሞ ይመለሳል። ያረፈው መሬት ቁጥቋጦና ሽመል ይውጠዋል እንጂ ባለቤት አያጣም፤ የጎሳው ነው። በሞፈርና በድንበር ምልክት መሬት የሚያውቅ የደጋ ሰው ያንን ዱር ሲያይ «ጠፍ» አለው፤ መዝገብ ያዡም እንዲሁ።

የእውነት ባዶ የሆነ ቦታም ነበር፤ ባዶ ያደረገው ሌላ ነው። ባሪያ ፈንጋዮች መንደር እያቃጠሉ ሰው ሲያግዙ የተረፈው ወደ ጫካ ሸሸ። መተማ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ሰው በአንድ ገበያ የሚሸጥባት ከተማ ነበረች፤ በ1854 ዓ.ም. ያለፈባት እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር የባሪያ ነጋዴዎቹን ድንኳን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። እዚህ ላይ «የባሪያ ንግድ የዐረብ ሥራ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ሸማቹ ከድንበሩ ማዶ ነበር፤ ፈንጋዩ ግን በአብዛኛው የወዲህ ሰው፣ ግብር ያለበት የአካባቢ ሹም ወይም የሹሙ አሽከር ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ንግዱን ከለከሉ፤ ንግዱ ግን አላቋረጠም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጣ፤ ባርነት ጨርሶ በሕግ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። የዛሬ አዛውንት አባቶች በሕይወት የነበሩበት ዘመን እኮ ነው። ነጻ የወጣው ሰውም ነጻነቱን እንጂ ርስት አላገኘም፤ በቆዳው ጥቁረት የሚሰነዘረው ስድብ ግን አብሮት ወጣ። ስድቡን የወለደው ዘር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነገሩን ገልብጦ ይዟል፤ መጀመሪያ ሰውዬው ተነጠቀ፣ ምክንያቱ ኋላ ተፈለገለት።

የቋራ ቤተ እስራኤሎችም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለሆኑ «ቡዳ» ተባሉ፣ ስለዚህም ርስት አጡ የሚል ሰው አለ። ቅደም ተከተሉ ግን በተቃራኒው ነው። ርስት ሲከለከሉ የእጅ ሥራ ቀራቸው፤ ጎረቤቱ ማረሻውን ከእነሱ እያሠራ ቡዳ አላቸው። ከቋራዎቹ ብዙዎቹ በ1991 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ቡዳ የሚለው ወሬ ግን እዚሁ ቀርቷል።

አሁን ወደ ላቡ፣ «ቆላ የሠራ ሰው ይከብራል» ወደሚለው፣ እንመለስ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ከለከለ፣ በቅጥር ማሳረስንም አገደ። ዛሬ በቋራ ቆላ ያለው ሥርዓት ከዚያ በጣም ይርቃል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከደጋ የመጣው ሰፋሪ እስከ 2 ሄክታር ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። ከጎኑ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር በሊዝ የያዘ ኢንቨስተር ያርሳል። በሁለቱ መካከል ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ከጎጃም፣ ከደብረ ታቦር፣ ከወሎ የሚጎርፈው የጉልበት ሠራተኛ አለ፤ እሱ የያዘው ማጭድ ብቻ ነው።

ሰሊጥ አመሉ ክፉ ነው። ቀን አልፎበት ከደረቀ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ (የነዶ ክምር) ሆኖ መቆም አለበት። በእነዚያ ቀናት የጉልበት ዋጋ ይንራል፤ «ሠራተኛው ባለሀብቱን በለጠው» የሚለው ወሬ የሚወለደውም ያኔ ነው። ወሬው ከጥቅምት በኋላ ያለውን አያይም። ከተከፈለው ላይ የመኪናው፣ የደላላውና የስንቁ ይነሳል። ሰፋሪውም ቢሆን በክረምት ለአረም ተበድሯል፤ ሱዳኖች ሸይል እንደሚሉት ምርቱን ገና ሳይደርስ በርካሽ ሸጦት ይሆናል። ዕዳ ያለበት እንዳጨደ ይሸጣል፣ መጋዘን ያለው ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። ሁለቱም እኩል ልፋት ለፍተው እንኳ ቢሆን የሚለያቸው የመሸጫው ወር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ የማጭድ ሠራተኛው ግን ዋጋውን ዛሬም የሚደራደረው መንገድ ዳር ቆሞ ነው።

«የደጋ ሰው ለቆላ በሽታ ደካማ ነው» የሚባለውስ? ካላዛር የተባለውን የቆላ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትራባው በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ነው፤ የምትናከሰውም ማታ ነው። ግራር ሥር ያለ አጎበር የሚያድረው ሠራተኛው እንጂ አሠሪው አይደለም። የቆላው ተወላጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለተነደፈ ጥቂት መከላከያ ያገኛል፤ አዲስ መጪው፣ በተለይ በቂ ምግብ የማያገኘው፣ ይወድቃል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ አገሩ ገብቶ ነው። በ1997 ዓ.ም. ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ውስጥ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ሰው ሲያልቅ የቆየበት በሽታ ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ከሁመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አይቀርም ይላሉ ያጠኑት ሐኪሞች። ካልታከመ ገዳይ ነው። የሕክምናው መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፣ ግን እንደ መተማና ጎንደር ባሉ ጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ፣ በየቀኑ መርፌ እየተወጉ ለ17 ቀን። ታሞ ዳግም ለአጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ 17 ቀን ከተኛ ደግሞ የሰሊጡ አጨዳ ያለ እሱ ያልቃል፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ሆዱ እያበጠም ቢሆን አጨዳውን ጨርሶ ነው ወደ ሐኪም የሚሄደው።