የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ

የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ አዲስ ከተወለዱ ሕፃናት ጀምሮ እስከ ጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆች እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ፣ ሚዛናቸውን እንዲጠብቁና አካላቸው እንደ ዕድሜያቸው እንዲዳብር የሚረዳ የሕክምና ዘርፍ ነው። ዋና መሣሪያው መድኃኒት ሳይሆን እንቅስቃሴ፣ ትክክለኛ አቀማመጥና ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያ ሙያው ብዙ ጊዜ ከወጌሻ ሥራ ጋር ይምታታል። ፊዚዮቴራፒስት ግን የትኛው ጡንቻ እንደደከመ ወይም እንደተኮማተረ መርምሮ፣ ቤተሰቡ በየቀኑ ከልጁ ጋር ሊሠራው የሚችለውን እንቅስቃሴ ያሳያል።

የእድገት ደረጃዎች

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ጤናማ ሕፃናት ዋና ዋና እንቅስቃሴዎችን የሚጀምሩበትን ዕድሜ አውጥቷል። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻን መቆም ከ6.9 እስከ 16.9 ወር፣ ብቻን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ በዘጠኝ ወሩ የሄደ የጎረቤት ልጅ መለኪያ ሊሆን አይችልም። በጥናቱ ከታዩት ሕፃናት 4.3 በመቶ ያህሉ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ አድገዋል።

ትኩረት የሚሻው ከእነዚህ ወሰኖች ያለፈ፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት የደረቀ ወይም ከልክ በላይ የላላ፣ ገና ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም፣ ወይም ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ ነው። «ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል» እየተባለ የሚባክኑት ወራት አእምሮና ጡንቻ በቀላሉ የሚሠለጥኑባቸው ወራት ናቸው።

አንቀልባና ጨዋታ

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ተኝቶ መጫወት አለበት። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ ያስፈልጋቸዋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን የስልክም ሆነ የቴሌቪዥን ስክሪን አይመከርም።

መመሪያው ሕፃን ታዝሎም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ይህ ማዘልን መንቀፍ አይደለም። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን እግሮቹን በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ ስለሚከፍት የዳሌው መገጣጠሚያ በጥሩ አቀማመጥ ላይ ይሆናል፤ እግርን አጥብቆ አቅንቶ መጠቅለል ግን ለዳሌ ውልቃት ያጋልጣል። ጥያቄው ሕፃኑ ከጀርባ ወርዶ ምንጣፍ ላይ የሚንፈራገጥበት ጊዜ ማግኘቱ ነው።

ለትልልቆቹ ልጆች ሕክምናው ከሰፈር ጨዋታ ብዙም አይርቅም። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መዝለልንና ሚዛንን፣ ቅልሞሽ የእጅና የዓይን ቅንጅትን፣ ገመድ ዝላይ ጉልበትንና የጊዜ አጠባበቅን ያሠለጥናሉ።

ቆልማማ እግር

በመላው ዓለም ከ1,000 ሕፃናት 1 ያህሉ እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ ይወለዳል። መደበኛው ሕክምና በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ስፔን ተወላጁ ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ያዳበረው ዘዴ ነው። እግሩ ቀስ እየተባለ ይቃናል፤ በየሳምንቱ ጀሶው ይለወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ከዚያ ብዙዎቹ ሕፃናት የተረከዛቸው ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቅላቸዋል። ቀጥሎ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ 4 ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። ጫማው ያለ ጊዜው ሲቀር እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል፤ ፈተናው ያለው ከጀሶው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

በየሳምንቱ መመላለስ ለገጠር ቤተሰብ ቀላል አይደለም። የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐዋሳ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከይርጋጨፌ ተራራማ ቀበሌዎች የሚነሳ ሰው የእግር መንገዱ ይጨመርበታል። ስለዚህ አገልግሎቱ በየአካባቢው ሆስፒታል መሰጠቱ ልጁ ሕክምናውን ይጨርስ አይጨርስ የሚለውን ይወስናል።

ሴሬብራል ፓልሲና የቤት ውስጥ ሥራ

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር ነው። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ ያልታከመ ከባድ የጨቅላ ሕፃናት ቢጫ በሽታና ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። እርግማን አይደለም፤ አይተላለፍምም። የአንጎሉ ጉዳት ባይድንም መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ፣ ልጁ ተደግፎ እንዲቀመጥና ትን ሳይለው እንዲበላ ማድረግ ይቻላል። ቡና በሚለቀምባቸው ወራት እናት ለልምምድ የተለየ ሰዓት አታገኝም። ስለዚህ እንቅስቃሴው ከማጠብ፣ ከማልበስና ከማብላት ጋር ቢያያዝ ይሻላል። ዴቪድ ወርነር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው የገጠር አካል ጉዳተኛ ልጆች መመሪያ መደገፊያ ወንበርና የመራመጃ አግዳሚ በአካባቢ ከሚገኝ እንጨት እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል።

ምግብና እድገት

ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ የሕፃን ምግብ ጥራጥሬ፣ ወተት ወይም እንቁላል ሊታከልበት ይገባል። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ይደክማል፣ ጨዋታም ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና መመሪያ ለእነዚህ ልጆች በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የተደራጀ ጨዋታ ያዛል። በጅማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናትም ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ ጨዋታ በሆስፒታል ቆይታ የትልልቅ ጡንቻዎችን፣ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ደግሞ የጣቶችን እንቅስቃሴ እንዳሻሻለ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ

የቼሻየር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ አቅራቢያ በመናገሻ ሥራ ሲጀምር ብዙዎቹ ታካሚዎች በፖሊዮ የተጎዱ ልጆች ነበሩ። የአፍሪካ አህጉር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአጥንት ሕክምና ይሰጣል።