የሕዝብ ሜዳና የጎረቤት ጸጥታ፦ የፒክልቦል ድምፅ ለምን ያከራክራል?

ፒክልቦል እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ቤይንብሪጅ በተባለች ደሴት የተጀመረ ጨዋታ ነው፤ የቴኒስን፣ የባድሜንተንንና የጠረጴዛ ቴኒስን ጠባይ አጣምሮ ይዟል። ለመልመድ ቀላል፣ ሜዳውም ጠባብ በመሆኑ አረጋውያን ሳይቀሩ ይጫወቱታል። በቅርብ ዓመታት ጨዋታው በፍጥነት ሲስፋፋ ግን በሕዝብ መናፈሻዎች አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች አቤቱታም አብሮ በዝቷል። ይህ አጭር ጽሑፍ የአቤቱታው መነሻ የጎረቤት ትዕግሥት ማጣት ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል፤ የሕዝቡን የመጫወት ዕድል ሳያጠፉ ጸጥታን መጠበቅ የሚቻልባቸውን መንገዶችም ይመረምራል።

የድምፁ ባሕርይ

በቴኒስ ኳሱ ለስላሳ ነው፤ የመምቻው ፊትም በተወጠረ ክር የተሠራ ነው። ሁለቱም ምቱን ያለዝቡታል። በፒክልቦል ግን ጠንካራ ጠፍጣፋ መምቻ ቀዳዳ ያለውን ጠንካራ የፕላስቲክ ኳስ ይመታል። ከዚህ የሚወጣው ድምፅ እጅግ አጭርና ድንገተኛ ነው፤ አብዛኛው ጉልበቱም የሚያርፈው የሰው ጆሮ በሚገባ በሚሰማበት በ1,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። የመኪና መንገድ ድምፅ ሳይቋረጥ ስለሚፈስ ጆሮ ይለምደዋል። የፒክልቦል ምት ግን መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ እያንዳንዱ እንደ አዲስ ይሰማል።

ችግሩን የሚያወሳስበው የልኬቱ ዘዴ ነው። ድምፅ በጊዜ አማካይ ሲሰላ በምትና በምት መካከል ያለው ጸጥታ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ መሣሪያው «ከገደብ በታች ነው» ሲል ነዋሪው «ዕረፍት ነሣኝ» ሊል ይችላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። አይ.ኤስ.ኦ. 1996 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን በመገንዘብ ለድንገተኛ ምት በልኬቱ ላይ 5 ዴሲቤል፣ እጅግ ድንገተኛ ለሆነው ደግሞ 12 ዴሲቤል የሚታከልበትን አሠራር አስቀምጧል።

የተወረሰ ርቀት

የፒክልቦል ሜዳ 13.4 ሜትር በ6.1 ሜትር ብቻ ነው። አንድ የቴኒስ ሜዳ ከነዙሪያው እስከ አራት የፒክልቦል ሜዳዎችን ሊይዝ ይችላል። ለከተማ አስተዳደር ይህ ርካሽ መፍትሔ ነው፤ ቀለምና መረብ ብቻ ይበቃል። ነገር ግን ቀድሞ ቢበዛ አራት ሰዎች በሚጫወቱበት ስፍራ አሁን ዐሥራ ስድስት ይጫወታሉ፤ የሚሰማውም ድምፅ ሌላ ነው። በሜዳውና በመኖሪያ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት የተወሰነው ግን ለቴኒስ ነበር። ጨዋታው ተለወጠ፣ ርቀቱ ባለበት ቀረ።

በኮሎራዶ የምትገኘው የዴንቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 በኮንግረስ ፓርክ የነበሩትን የፒክልቦል ሜዳዎች በጩኸት ምክንያት ዘግታለች። የከተማዋ ደንብ ለመኖሪያ ሰፈር የሚፈቅደው የቀን ድምፅ 55 ዴሲቤል ነው። ይህ ቁጥር ምን ያህል ርቀት እንደሚጠይቅ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። በክፍት ስፍራ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ30 ሜትር ላይ 70 ዴሲቤል የሆነ ምት በ60 ሜትር 64፣ በ120 ሜትር 58፣ በ150 ሜትር 56 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ያለ ተጨማሪ መከላከያ ገደቡን ለማክበር ከ150 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከርቀት ሌላ

ርቀትን ብቻ መመዘኛ ማድረግ ግን የራሱ ጉዳት አለው። ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ይህን ያህል ባዶ ስፍራ ያለው መናፈሻ ጥቂት ነው። ሜዳዎች ወደ ከተማ ዳር ሲገፉ መኪና ያለው ተከትሏቸው ይሄዳል፤ የሌለው ይቀራል። ክፍያ የሚጠይቅ ክበብ አባል የሆነ ሰው የሕዝብ ሜዳ ቢዘጋም ይጫወታል። የሚጎዳው ነጻ ሜዳ ብቻ ያለው ነው።

ስለዚህ ርቀትን የሚያግዙ ዘዴዎች ያስፈልጋሉ። የ1,000 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 34 ሳንቲሜትር ገደማ በመሆኑ ክብደት ያለውና ክፍተት የሌለው መከለያ በሚገባ ይገታዋል፤ የሽቦ አጥር ግን ምንም አይረዳም። መከለያው የሚሠራው በሜዳውና በመስኮቱ መካከል ያለውን እይታ ሲቆርጥ ስለሆነ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ጥቅሙ ያንሳል። ድምፃቸው የቀነሰ መምቻዎችና ኳሶችም ተሠርተዋል። ከዚህ ሌላ የጨዋታ ሰዓትን መወሰን፣ ለቤቶች የቀረቡትን ሜዳዎች ለቴኒስ መተው፣ በክረምትና በማለዳ የትምህርት ቤት ጂምናዚየሞችን መጠቀም ይቻላል። እያንዳንዱ ዘዴ ለብቻው ጥቂት ይቀንሳል። ተደምረው 10 ዴሲቤል ከቀነሱ ግን ለሰው ጆሮ ድምፁ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ ይሰማል።

ከሁሉም የሚቀድመው ቀለም ከመቀባቱ በፊት መለካት ነው። ተንቀሳቃሽ መረብ ዘርግቶ፣ ሰዎችን አጫውቶ፣ በአቅራቢያው ባለው ቤት መስኮት የምቱን ከፍታ እንጂ አማካዩን ብቻ አለመመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተጫዋቹ ጨዋታው ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ግን ቤቱ እዚያው ነው። በሌላ በኩል የተከፈተ ሜዳ መዝጋት ተጫዋቹን ከለመደው ባልንጀርነት ይነጥለዋል። አስቀድሞ የተደረገ ልኬት ሁለቱንም ከዚህ ምርጫ ያድናል።