የቆላ አትክልትና ፍራፍሬ አጠቃቀም፦ አመጋገብ፣ አበሳሰልና አደራረቅ በኮኪትና በአካባቢው

ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ኮኪትና በዙሪያዋ ያሉት የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ቀበሌዎች በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ምርታቸው ይታወቃሉ። ከእነዚህ ሰብሎች ጎን ለጎን በጓሮና በወንዝ ዳር ባሚያ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሎሚና ዘይቱን ይበቅላል። በአካባቢው የሚታየው ዋነኛ ችግር ታዲያ ከማብቀሉ ይልቅ ማቆየቱ ነው። ማንጎው በአንድ ጊዜ ይደርስና ዋጋው ይወድቃል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ቀናት የበሰለ ቲማቲም ከገበያ በመጣ በሁለተኛው ቀን ይበሰብሳል። በዝናብ የሚበቅለው ባሚያም ከጥቅምት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት በአንዱ ወር ፍሬ ከዛፍ ሥር ሲረግፍ የሚያይ ቤተሰብ በሌላው ወር ከእንጀራና ከሽሮ በቀር ማዕዱ ላይ የሚያቀርበው አያገኝም።

እጥረቱ የሚያስከትለው ጉዳት

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እህል ኃይል ይሰጣል፤ ጥራጥሬም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ቫይታሚን ሲ ግን በደረቅ እህል ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ይህ በጠረፉ አካባቢ በተግባር የታየ ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ በድርቅና በጦርነት ምክንያት ወደ ምሥራቅ ሱዳን በተሰደዱ ኢትዮጵያውያን መጠለያዎች ውስጥ፣ ርዳታው በአብዛኛው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ስለነበረ፣ ስከርቪ የተባለው በሽታ ተከስቶ ነበር። ሕመሙ ድድን ያደማል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ቁስልም እንዳይድን ያደርጋል። ሰዎቹ የሚበሉት እያላቸው ነበር የታመሙት።

የቫይታሚን ኤ እጥረት ደግሞ በቅድሚያ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል። ሕዝቡ ዳፍንት እያለ የሚጠራው፣ ሲመሽ ማየት የሚያስቸግረው ሕመም የእጥረቱ የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ በወቅቱ ካልታከመ ዘላቂ ዓይነ ሥውርነትን ሊያስከትል ይችላል። ውስጣቸው ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የሆኑት ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዱባና ካሮት፣ እንዲሁም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይይዛሉ።

በሰሊጥ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚመጡ የቀን ሠራተኞችም በዚህ ረገድ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አካባቢው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የሚገኝበት ነው። አትክልት መመገብ ንክሻውን አይከላከልም፤ ሆኖም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ተሕዋሲው ከገባበት በኋላ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ለወራት በማሽላ እንጀራና በሽሮ ብቻ የሚቀለብ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው በረሃ የሚወርደው። ደረቅ ባሚያ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ክብደታቸውም ሆነ ወጪያቸው ቀላል በመሆኑ የእርሻ ባለቤቶች ከስንቁ ጋር ቢያካትቷቸው አይከብድም።

በአበሳሰል ጊዜ

ብዙ ቤት ጎመን ሲቀቀል ውኃው ይደፋል፤ ቅጠሉም ተጨምቆ ነው ወደ ድስት የሚመለሰው። ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት በውኃ የሚሟሙ በመሆናቸው ከውኃው ጋር አብረው ይፈሳሉ። አትክልት ከመከተፉ በፊት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በጥቂት ውኃ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ለአጭር ጊዜ ቢበስል የተሻለ ነው። ከትፎ ለረጅም ጊዜ በውኃ መዘፍዘፍም እንዲሁ ጥቅሙን ይቀንሳል።

በቢጫና በአረንጓዴ አትክልቶች ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻ በአንጻሩ መጠነኛ ሙቀትና ቅባት ይፈልጋል። የተቀቀለ ዱባ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት መጨመር ሰውነት የሚያገኘውን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ሰሊጥ በሚመረትበት አካባቢ ደግሞ ዘይቱ ሩቅ አይደለም። ሎሚ ግን በድስቱ ላይ ሳይሆን ምግቡ ከቀረበ በኋላ በማዕድ ላይ ቢጨመቅ ይመረጣል፤ ቫይታሚን ሲ በእሳት ይጠፋልና። ሎሚው በሽሮ፣ በምስርና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት በቀላሉ እንዲገባ ያግዛል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይህንኑ ብረት ስለሚይዙት ከምግብ ጋር ወዲያው ባይጠጡና ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢቆዩ ይመከራል። ነፍሰ ጡር እናቶች ይህን በተለይ ሊያስታውሱ ይገባል።

ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ወተት በተጨማሪ የላመ ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም የተቀቀለ ዱባ ከገንፎው ጋር ተደባልቆ ሊሰጠው ይችላል። ፍሬው በታጠበ እጅ፣ በታጠበ ቢላዋ የሚላጥ ሲሆን ተዘጋጅቶ የተረፈ ምግብ በዚህ ሙቀት ሊቀመጥ አይገባም።

ባሚያና ማንጎ ማድረቅ

ባሚያን አድርቆና ወቅጦ ማስቀመጥ በጠረፉ በሁለቱም ወገን የቆየ ልማድ ነው፤ በሱዳን ዱቄቱ ዌካ ይባላል። ለማድረቅ ለጋው ባሚያ ይመረጣል፤ የጠነከረው ከደረቀ በኋላ ጭረት ይሆናልና። ታጥቦ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በግምት አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየተከተፈ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ይሰጣል፤ ወይም በመርፌና በክር ተሰክቶ ይሰቀላል። ብዙዎች በጣራ ቆርቆሮ ላይ ወይም በአስፋልት ዳር ያሰጡታል። አቧራውና የመኪናው ጭስ ብቻውን ይህን ለመተው በቂ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ ቀጥተኛ ፀሐይ የቫይታሚን ኤ መነሻውንና ቫይታሚን ሲውን ያጠፋል። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ፣ ወይም ከላይ በስስ ጨርቅ የተሸፈነ ርብራብ ይሻላል። የቆላው አየር ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደረቅ ስለሆነ በጥላም ቢሆን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል። ሲመሽ ጤዛ እንዳያገኘው ወደ ቤት መግባት አለበት።

ባሚያ ከክብደቱ ዘጠኝ እጁ ያህል ውኃ ነው። ስለዚህ ከ10 ኪሎ ግራም ትኩስ ባሚያ የሚገኘው ደረቅ ምርት ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። በደንብ የደረቀው በጣት ሲሰበር ድምፅ ያሰማል። ሳይወቀጥ ማስቀመጥና ለአንድ ወር የሚበቃውን ብቻ እየወቀጡ መጠቀም ሽታውንና ጣዕሙን ያቆየዋል። ለወጥ ሲውል ዱቄቱ ሽንኩርቱና ዘይቱ ከበሰሉ በኋላ በመጨረሻ እየተነሰነሰ ይማታል፤ ቀድሞ ከገባ ይጓጉላል። ደረቅ ባሚያ ካልሲየምና አሰር አለው፤ ቫይታሚን ሲው ግን በአብዛኛው ጠፍቷል። ሎሚ ከዚህ ወጥ ጋር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ማንጎ የሚደርቀው ዝናቡ ሳይገባ በሚያዝያና በግንቦት ነው። የበሰለ ነገር ግን ያልላላ ፍሬ ተልጦ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ውፍረት ይቆረጣል፤ እንዳይጠቁር ለአሥር ደቂቃ ያህል በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ይቆያል። ሥጋው ብቻ 10 ኪሎ ግራም ከሆነ ወደ 2 ኪሎ ግራም ደረቅ ማንጎ ይወጣዋል። ሲደርስ እንደ ቆዳ ይታጠፋል፤ በእጅ ሲጨመቅም እርጥበት አይተውም።

ማንኛውም የደረቀ ምርት ከመከማቸቱ በፊት በጠርሙስ ተከድኖ አንድ ቀን ይቆይ። በጠርሙሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ላብ ከታየ አልደረቀም ማለት ነው፤ ወደ ርብራቡ ይመለሳል። በከፊል የደረቀ ምርት ይሻግታል። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በማብሰል አይጠፋም። የሻገተውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ቀሪውን መብላት አያዋጣም። ለላምም አይሰጥም፤ መርዙ ወደ ወተቷ ያልፋልና።

መደረግ የሌለበት

ባሚያን፣ ፎሶሊያን ወይም ሌላ ያልኮመጠጠ አትክልት ቀቅሎ በጠርሙስ አሽጎ ለወራት ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ የሚያስከትለው ተሕዋሲ ዘሩ በተራ ፍላት አይሞትም፤ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥም ይራባል። መርዙ በሽታም ሆነ በጣዕም ላይታወቅ ይችላል፤ ጡንቻን አስንፎ ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። ፋብሪካዎች ይህን የሚከላከሉት በከፍተኛ ግፊት፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማሞቅ ነው፤ በቤት ውስጥ ባለ ድስት ይህን ማድረግ አይቻልም። በቤት የተዘጋጀ የቲማቲም ድልህም በዚያው ሰሞን የሚያልቅ እንጂ ከርሞ የሚወጣ አይደለም። ቲማቲምን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ማድረቁ ይሻላል።

ትኩሱን ለቀናት ለማቆየት የሚያገለግል ርካሽ ዘዴ ግን አለ። ትንሽ ገንቦ በትልቅ ገንቦ ውስጥ ተቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በቀን ሁለት ጊዜ ይረጥባል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። በሱዳን ዳርፉር በተደረገ ሙከራ ሁለት ቀን ብቻ ይቆይ የነበረ ቲማቲም በዚህ ዘዴ እስከ ሃያ ቀን ቆይቷል። ዘዴው የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ብዙ አይጠቅምም።

የሚሰጡ አገልግሎቶች

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መሠረት መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቆም ግብ ጥሏል። በየቀበሌው ባሉ ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ዕድገት በየወሩ ይከታተላሉ፤ ከ6 እስከ 59 ወር ለሆናቸው ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ ይሰጣሉ፤ የክንድ ዙሪያ ልኬትም ያደርጋሉ። ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና ወዲያው ይላካል። ዳፍንት የታየበት ልጅ፣ ድዱ የሚደማ ሰው፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት የቆየበትና ሆዱ ያበጠ የእርሻ ሠራተኛ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።

የጓሮ አትክልት አተካከልን፣ ዘርንና የድኅረ ምርት አያያዝን በተመለከተ በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን ማነጋገር፣ ወይም በ8028 ነፃ የስልክ መስመር የግብርና መረጃ በአማርኛ ማዳመጥ ይቻላል።