ከመዋቢያ ቅባት የሚመጣ ብጉር፦ መንስኤውና መፍትሔው

ፊትን ለማሳመር የተገዛ ቅባት ራሱ ብጉር የሚያወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ችግሩ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ክሊግማንና ሚልስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች «አክኔ ኮስሜቲካ» ማለትም በመዋቢያ የሚመጣ ብጉር ብለው ጽፈውበታል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ብጉሩ የሚወጣበት ጊዜ ነው። አዲስ ክሬም በተቀባን ማግስት ሳይሆን ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሚታይ «ይሄ ቅባት እስከዛሬ ምንም አላደረገኝም» ብለን ጥፋቱን በምግብ ወይም በአየር ላይ እናላክካለን። ከዚያም ብጉሩን ለማጥፋት ሌላ ቅባት እንጨምርበታለን። ነገሩ የሚባባሰው እዚህ ላይ ነው።

እንዴት ይፈጠራል?

ከቆዳችን ሥር ያሉ ዕጢዎች የሚያመነጩት ወዝ የሚወጣው በጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ነው። ቅባትነት ያለው መዋቢያ ከሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ጋር ሲቀላቀል ቀዳዳው ይደፈናል፤ ወዙ ከውስጥ ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያ ይራባል፤ ቆዳውም ይቆጣል። ወፍራም ፋውንዴሽን፣ የኮኮናት ዘይትና የካካዋ ቅቤ ብጉር በሚወደው ፊት ላይ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። «ተፈጥሯዊ» መሆናቸው ቀዳዳ ከመድፈን አያግዳቸውም።

የፀጉር ቅባትም እንዲሁ ነው። ዘይቱ ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ አካባቢ ሲወርድ በፀጉር መስመር ላይ ጥቃቅን ብጉር ያወጣል። ሒጃብ የምትለብሱ እህቶች ዘይቱን ከግንባር ራቅ አድርጋችሁ ተቀቡ፤ ግንባር ላይ የሚያርፈውን የውስጥ ጨርቅም ቶሎ ቶሎ እጠቡ።

ብጉር ነው ወይስ አለርጂ?

ከመዋቢያ የሚመጣ ብጉር ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ እምብዛም አያሳክክም። ከተቀባችሁ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ማሳከክ፣ ማቃጠልና እብጠት ከመጣ ግን አለርጂ ወይም የቆዳ መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አቁሙ። ዓይን ወይም ከንፈር ካበጠ ሐኪም ጋር መሄድ አይዘግይ።

ፈጥነው ከሚያጠሩ ክሬሞች ተጠንቀቁ

«በሳምንት ፊት ያጠራል» ተብለው ከሚሸጡ ክሬሞች መካከል ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባሉ ስቴሮይዶች ያሉባቸው አሉ። መጀመሪያ መቅላቱን ስለሚያጠፉ መድኃኒት ይመስላሉ። ሲቆዩ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፤ ራሳቸው ብጉር ያወጣሉ፤ ሲቋረጡም ፊት ከበፊቱ ብሶ ይቆጣል። በዚህ ፍርሃት እየቀጠሉ ለዓመታት የሚቀቡ አሉ። ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው ማቆም ያለበት በቆዳ ሐኪም ክትትል ነው።

ምን እናድርግ?

የጠረጠራችሁትን መዋቢያ አቁሙና ለጥቂት ሳምንታት በለስላሳ የፊት መታጠቢያ ብቻ ቆዩ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ። በመካከላቸው ሦስት ወይም አራት ሳምንት ከሰጣችሁ ጥፋተኛው ይለያል።

ስትገዙ «ነን-ኮሜዶጀኒክ» ማለትም ቀዳዳ የማይደፍን የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሆኖም ይህ የአምራቹ ቃል እንጂ ሙሉ ዋስትና አይደለም።

ሜካፕ ሳታነሱ አትተኙ። ብሩሽና ስፖንጅ በየሳምንቱ እጠቡ፤ አትዋዋሱ። ለውዱእ ፊትን ደጋግሞ በውሃ መታጠብ ብጉር አያመጣም፤ ግን ውሃ ብቻውን ቅባታማ ሜካፕን አያስለቅቅም። ቆዳን የሚጎዳው በየጊዜው ጠንካራ ሳሙና መጠቀምና በፎጣ መፈተግ ነው።

ብጉር አታፍርጡ። እንደ እኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብጉሩ ከጠፋ በኋላ ጥቁር ነጠብጣቡ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ብጉሩ የሚያም፣ ሥር የሰደደ ወይም ጠባሳ የሚተው ከሆነ የቆዳ ሐኪም አማክሩ። እንደ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን ያሉ መድኃኒቶች ውጤታቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እህት ግን አዳፓሊንን መጠቀም የለባትም፤ ለሐኪሟም አስቀድማ ትንገር።